ልብ ብሎ ማየት

ለዚህ ዓምድ ከሚደርሱን ደብዳቤዎች መካከል ስለ አማትና ምራት ኑሮ የሚያወሱት ጥቂት አይደሉም። አብዛኞቹ ስለ ጠብና ስለ ጭቅጭቅ የሚናገሩ ናቸው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት የደረሰን አንድ ደብዳቤ ግን ከነዚህ ለየት ያለ ነው፤ ጠብ የሌለበት፣ ክፉ ቃልም ያልተነገረበት፣ ሆኖም ሰላም የራቀው ቤት ታሪክ ነውና።

ጸሐፊዋ እንጀራ እየጋገሩ በመሸጥ አራት ልጆች ያሳደጉ እናት ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል። አሁን የሚኖሩት ከመጨረሻ ወንድ ልጃቸው፣ ከሚስቱና ከአንዲት ሕፃን የልጅ ልጃቸው ጋር ነው። ምራታቸው የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ናት። እኚህ እናት ስለ እሷ ሲጽፉ፣ «ከሥራ ስትመጣ በወጉ ሳትሳለመኝ በጥድፊያ ወደ ጓዳ ትገባለች። ስትስቅ ድምፅዋ ጎረቤት ድረስ ይሰማል። ቡና ሲፈላ ሦስተኛውን ሳትጠብቅ ትነሣለች። አለባበሷም ለባለትዳር የሚሆን አይመስለኝም። ልጄ ከዚህ የተሻለች ያገኝ ነበር እያልኩ በሆዴ አዝናለሁ» ይላሉ። ከዚያም ወደ ዋናው ጥያቄያቸው ይመለሳሉ። «ይሁን እንጂ አንድም ቀን ክፉ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ምግቧን አቆይላታለሁ፤ ልጇን እጠብቅላታለሁ፤ ሰው ፊት አመሰግናታለሁ። በሆዴ ያለውን ከፈጣሪ በቀር የሚያውቅ የለም። ታዲያ በአፌም በእጄም ካልበደልኳት፣ ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው? ልቤ ግን ዕረፍት አጣ።»

ደብዳቤውን ደጋግመን ካነበብን በኋላ፣ ከተለመደው ምክር ይልቅ ስለ አንዲት ሴት ሕይወትና ሐሳብ ለማውራት ወደድን። ምክንያቱም ይህችው ሴት የዛሬ ስድሳ ዓመት ገደማ፣ እናታችን ያነሡትን ጥያቄ ራሱን አንሥታ፣ ምሳሌዋንም አማትና ምራት አድርጋ በሰፊው ያሰበችበት በመሆኗ ነው። ስሟ አይሪስ መርዶክ ይባላል። ፈላስፋም ልብ ወለድ ደራሲም ነበረች። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲገነዘቡልን እንጠይቃለን።

ማን ነበረች?

አይሪስ መርዶክ የተወለደችው በ1919 ዓ.ም. በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን ነው። ለወላጆቿ አንድያ ልጅ ነበረች። አባቷ የመንግሥት ሠራተኛ፣ እናቷ ደግሞ የዜማ ትምህርት የተማረች ሴት ስትሆን፣ ልጅቱ ገና ሕፃን ሳለች ቤተሰቡ ወደ ለንደን ተዛወረ። በ1938 ኦክስፎርድ ከሚገኘው የሶመርቪል የሴቶች ኮሌጅ ገብታ የጥንት ግሪክና ላቲን ቋንቋዎችን፣ ታሪክንና ፍልስፍናን አጠናች። በ1942ም በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀች።

በዚያን ጊዜ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በመጀመሩ፣ ወጣት ወንዶች አብዛኞቹ ወደ ጦር ግንባር ዘምተው ነበር። በዚህም ምክንያት በኦክስፎርድ የፍልስፍና ክፍል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሴቶቹ ድምፅ በደንብ ሊሰማ ቻለ። ከአይሪስ ጋር በአንድ ዘመን ከተማሩት መካከል ኤሊዛቤት አንስኮም፣ ፊሊፓ ፉትና ሜሪ ሚጅሊ ኋላ ሁሉም ስመ ጥር ፈላስፎች ሆነዋል። አንስኮም የሰባት ልጆች እናት ሆና ነው በዩኒቨርሲቲ ያስተማረችው። ሜሪ ሚጅሊ በበኩሏ ሦስት ወንዶች ልጆቿን ካሳደገች በኋላ የመጀመሪያ መጽሐፏን ያሳተመችው በ59 ዓመቷ ነው። «ልጅ ይዤ፣ ጊዜው አልፎብኝ» እያሉ ተስፋ ለሚቆርጡ እናቶች ይህ መልካም ማስታወሻ ይመስለናል።

አይሪስ እንደተመረቀች ለሁለት ዓመት ያህል በእንግሊዝ የገንዘብ ሚኒስቴር ውስጥ ሠራች። ከ1944 እስከ 1946 ደግሞ በጦርነቱ የተፈናቀሉትን ለመርዳት በተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታና መልሶ ማቋቋሚያ ድርጅት ተቀጥራ፣ መጀመሪያ በለንደን፣ ቀጥሎም በቤልጅግና በኦስትሪያ አገልግላለች። በኦስትሪያ መጠለያዎች ውስጥ ያገኘቻቸው ሰዎች ቤታቸውን፣ አገራቸውንና ዘመዶቻቸውን ያጡ ነበሩ። አገር ያጣ ስደተኛ ከዚያ በኋላ በጻፈቻቸው ልብ ወለዶች ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ ሰው ነው።

በተማሪነቷ የኮሙኒስት ፓርቲ አባል ነበረች። ምንም እንኳ ከፓርቲው በ1942 ብትወጣ፣ ይኸው ነገር በ1946 ለትምህርት ወደ አሜሪካ ለመሄድ ያገኘችውን ዕድል አሳጣት፤ ቪዛ ተከለከለች። እሷም በእንግሊዝ አገር ቀርታ አንድ ዓመት በኬምብሪጅ ካጠናች በኋላ፣ ከ1948 እስከ 1963 በኦክስፎርድ በሴንት አንስ ኮሌጅ ፍልስፍና አስተማረች። በ1953 ስለ ፈረንሳዊው ፈላስፋ ስለ ዣን ፖል ሳርትር የመጀመሪያ መጽሐፏን፣ በ1954ም «በመረቡ ሥር» የተሰኘውን የመጀመሪያ ልብ ወለዷን አሳተመች። ከዚያ ጀምሮ በእጇ እየጻፈች በድምሩ 26 ልብ ወለዶችን ለአንባብያን አቅርባለች። በ1956 የሥነ ጽሑፍ መምህር የነበረውን ጆን ቤይሊን አገባች። ልጅ አልወለዱም።

አማቲቱና ምራቲቱ

አሁን ወደ ተነሣንበት ጉዳይ እንመለስ። በ1962 አይሪስ መርዶክ በሰሜን ዌልስ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አንድ ንግግር አደረገች። ንግግሩ በኋላ ተስፋፍቶ በ1970 በወጣው «የበጎነት ልዕልና» በተባለው ትንሽ መጽሐፏ ውስጥ ገብቷል። በዚያ ውስጥ ያቀረበችው ምሳሌ በአጭሩ እንዲህ ነው።

አንዲት እናት ልጃቸው ያገባትን ሴት አልወደዷትም። ልጅቱ ልበ መልካም መሆኗን አይክዱም። ነገር ግን ወግ የማታውቅ፣ ከሰው ጋር ቶሎ የምትዳፈር፣ ጫጫታ የምታበዛ፣ ልጅነት ያልለቀቃት ሆና ትታያቸዋለች። አነጋገሯና አለባበሷም ደስ አይላቸውም። ልጃቸው ከእርሱ በታች የሆነች ሴት ያገባ ይመስላቸዋል። ሆኖም እኚህ እናት ጨዋ በመሆናቸው ይህን ሁሉ በሆዳቸው ይዘው ለምራታቸው የሚገባውን ክብርና ደግነት ሁሉ ያደርጉላታል። ፊታቸውም አንደበታቸውም አንድም ቀን አላጋለጣቸውም።

ፈላስፋዋ በዚህ ላይ አንድ ነገር ትጨምርበታለች። ነገሩ ከውጭ ለሚያይ ሰው ምንም ለውጥ እንዳይታይበት፣ ምራቲቱ ወደ ሩቅ አገር ሄዳለች፣ ወይም ሞታለች ብለን እናስብ ትላለች። እንግዲህ የሚደረግ ነገር የለም፤ የሚነገር ቃልም የለም። የቀረው በአማቲቱ ልብ ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

ጊዜ እያለፈ ሲሄድ እኚህ እናት ስለ ምራታቸው በያዙት ፍርድ ታስረው ሊቀሩ ይችሉ ነበር። ነገር ግን አስተዋይና ራሳቸውን መውቀስ የሚችሉ ሴት ናቸው። አንድ ቀን ፊታቸውን ወደ ራሳቸው ይመልሳሉ። ምናልባት የእኔ አስተዳደግ የድሮ ስለሆነ ይሆን? ምናልባት ራሴን ከፍ አድርጌ ስለማይ ይሆን? ልጄን ስለወሰደችብኝ ቅናት እንዳለብኝስ አልክድም፤ እስቲ እንደገና ልያት ይላሉ። እንደገናም ያዩዋታል። ቀስ በቀስ ወግ የለሽ ያሏት ሴት ግልጽ ሆና ትታያቸዋለች። ጫጫታዋ ደስታ፣ ድፍረቷ ቅርበት፣ ልጅነቷም የወጣትነት ለዛ ሆኖ ያገኙታል። ምራቲቱ አልተለወጠችም። የተለወጠው የአማቲቱ ዓይን ነው።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ጊዜ አማቲቱ ምን ሠሩ ትላለህ? ከውጭ ለሚመለከት ሰው ምንም አልሠሩም። ድሮም ደግ ነበሩ፤ አሁንም ደግ ናቸው። በዚያን ዘመን በኦክስፎርድ ይነገር የነበረው የሥነ ምግባር ፍልስፍና ደግሞ በአብዛኛው የሰውን ምግባር የሚመዝነው በሚታየው ነገር፣ ይኸውም በመረጠው መንገድና ባደረገው ሥራ ነበር። አይሪስ መርዶክ የተቃወመችው ይህን ነው። እኚህ እናት ዝም ብለው በተቀመጡበት ብዙ ሥራ ሠርተዋል፤ ያውም ከባድና መልካም ሥራ ነው የሚል ነው ክርክሯ። ሰው አንድ ነገር ለማድረግ ከመነሣቱ በፊት የሚያይበት ዓይን አለው። ያ ዓይን ቀና ወይም ጠማማ ከሆነ፣ የሚመርጠው ነገር አስቀድሞ ግማሹ ተመርጦ ያለቀ ነው።

ስለዚህም የእናታችን ጥያቄ ከዚህ ላይ መልስ ያገኛል። በአፍና በእጅ አለመበደል ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን የመጨረሻው አይደለም። በሆድ ውስጥ ያለው አስተያየት የግል ምስጢር ቢሆንም ሥራ የሌለው አይደለም። ሰው ዕለት ዕለት በሆዱ የሚደጋግመው ቃል፣ ሳያውቀው ዓይኑን ያበጀዋል።

ራስን ከመንገድ ማንሣት

ይህን ሐሳብ አይሪስ ያገኘችው ከራሷ ብቻ አይደለም። ሲሞን ቬይ የተባለችው ፈረንሳዊት ፈላስፋ ትልቅ ባለውለታዋ ናት። ሲሞን ቬይ መምህርት ስትሆን፣ የሠራተኛውን ኑሮ በመጽሐፍ ብቻ ማወቅ አልበቃት ብሎ፣ በ1934 እና በ1935 ሥራዋን ትታ በፓሪስ አካባቢ ባሉ ፋብሪካዎች በተራ ሠራተኝነት ተቀጥራ የሠራች ሴት ናት። በ1943 ገና በ34 ዓመቷ ሞተች። እሷ ትኩረት ስትል የጠራችውን ነገር አይሪስ መርዶክ ተቀብላ የፍልስፍናዋ መሠረት አደረገችው።

በእኛ ቋንቋ ለዚህ ነገር የሚስማማው «ልብ ማለት» የሚለው ይመስለናል። አንድን ሰው «ልብ በል» ስንለው፣ በዓይንህ ብቻ አትይ፣ ልብህንም ጨምርበት ማለታችን ነው። አይሪስ መርዶክ የምትለው ትኩረትም እንዲሁ ፍትሕና ፍቅር የተዋሐዱበት አስተያየት ነው። ሰውን እንደፈለግነው ሳይሆን እንደሆነው ሆኖ እንዲታየን የሚያደርግ ነው።

ታዲያ እንዳናይ የሚያግደን ምንድን ነው? የእሷ መልስ እኔነት የሚል ነው። የሰው አእምሮ ከሁሉ አስቀድሞ ራሱን ለመጠበቅና ለማጽናናት ይሠራል፤ ያዘነበትን፣ የቀናበትን፣ የተነካበትን እያመላለሰ ለራሱ የሚስማማ ተረት ይፈጥራል ትላለች። በተረቱ ውስጥ እኛ ሁልጊዜ የተበደልን፣ ሌላው ሰው ደግሞ ሁልጊዜ በዳይ ነው። ሌሊት እንቅልፍ አጥታ፣ ሰው የተናገራትን አንድ ቃል እስኪነጋ ድረስ ስታገላብጥ ያደረች ሴት ሁሉ ይህን ታውቀዋለች።

ከዚህ እስር የሚያወጣንን ነገር ስታስረዳ ከራሷ ሕይወት የተወሰደ የሚመስል አንድ ቀላል ምሳሌ ታመጣለች። አንድ ቀን ክብሯ ተነክቶ፣ ተናዳና ተጨንቃ በመስኮት ትመለከታለች። በድንገት ጭልፊት የመሰለች አዳኝ ወፍ በአየር ላይ ቆማ ክንፏን ስታርገበግብ ታያለች። በዚያች ቅጽበት የተጎዳው ክብር፣ ቂሙም ሁሉ ይጠፋና ወፏ ብቻ ትቀራለች። ወደ ቁዘማዋ ስትመለስ ነገሩ አሁን ያን ያህል ትልቅ ሆኖ አይታያትም።

ቋንቋ መማርንም እንዲሁ ትጠቅሳለች። እሷ ሩሲያኛ ስትማር ቋንቋው እንደ ፍላጎቷ አይታጠፍላትም። በትዕግሥት ራሷን ዝቅ አድርጋ ማጥናት አለባት። የእጅ ሙያም ቢሆን ያው ነው። ፈትል የምትፈትል ወይም ጥልፍ የምትጠልፍ እናት ይህ አይጠፋትም። ክሩ ስለ ተቆጣች አይቀጥንላትም፤ ስለ ቸኮለችም አይስተካከልላትም። ክሩን ልብ ማለት አለባት። ሰውን ልብ ማለትም የዚህ ዓይነት፣ በቀን በቀን የሚለመድ ሥራ ነው እንጂ አንድ ጊዜ ተወስኖ የሚያልቅ አይደለም።

በልብ ወለዶቿ ውስጥ

ይህንኑ ሐሳብ በልብ ወለዶቿ ውስጥም ሥጋ አልብሳ እናገኘዋለን። በ1958 በወጣው «ደወሉ» በተባለው ልብ ወለድ ውስጥ ዶራ የምትባል ወጣት ሚስት አለች። ባሏ ፖል የተማረ፣ ግን ቁጡና የሚጫናት ሰው ነው። ዶራ በባሏ ፊት ስትሆን ራሷን እንደ ጥፋተኛ ልጅ ታያለች። አንድ ቀን ካሉበት የገጠር ማኅበር አምልጣ ወደ ለንደን ትሄድና ወደ ታላቁ የሥዕል ቤተ መዘክር ጎራ ትላለች። በዚያም የጥንቱ ሠዓሊ ጌንስቦሮ ሁለት ሴቶች ልጆቹን የሣለበትን ሥዕል ትመለከታለች። ሥዕሉ የእሷን ኀዘንም ደስታም ሳይጠብቅ በራሱ ፍጹም ሆኖ የቆመ ነገር መሆኑ ይታያትና ልቧ ይነካል። ከእኔ ጭንቀት ውጭ እውነተኛ ነገር አለ ማለት ነው ብላ ትጽናናለች። ይሁን እንጂ ዶራ በመጨረሻ ባሏን ትታ የራሷን ኑሮ ለመጀመር ትወስናለች። በደንብ ማየት ሁልጊዜ ችሎ ለመቀመጥ ብቻ የሚያበቃ እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን።

በ1978 «ባሕሩ፣ ባሕሩ» በሚል ርእስ የታተመውና በዚያው ዓመት የታወቀውን የቡከር ሽልማት ያስገኘላት ልብ ወለድ ደግሞ ተቃራኒውን ያሳያል። ቻርልስ የሚባል በጡረታ የተገለለ የቲያትር አዘጋጅ በባሕር ዳርቻ ብቻውን ለመኖር ይሄዳል። በዚያም በወጣትነቱ የወደዳትን ሴት፣ አርጅታና ሌላ ሰው አግብታ፣ በድንገት ያገኛታል። ወዲያውም «በትዳሯ መከራ ታያለች፤ እኔን ትጠብቅ ኖራለች» ብሎ በራሱ ልብ ወስኖ ያድራል። እሷ የምትለውን አይሰማም። በመጨረሻም በፍቅር ስም በቤቱ ውስጥ ይዘጋባታል። ሰውየው እወዳታለሁ ይላል፤ የሚወደው ግን በራሱ አእምሮ የፈጠራትን ሴት ነው። ቆማ የምታለቅሰውን ሴት አንድም ጊዜ አላያትም።

እንግዲህ በአይሪስ መርዶክ አስተሳሰብ ሰውን መውደድ ማለት፣ ያ ሰው ከእኔ ምኞትና ቅሬታ ተለይቶ የራሱ ሙሉ ሕይወት ያለው መሆኑን ከልብ መቀበል ነው። ይህም እጅግ አስቸጋሪ ነገር መሆኑን ደጋግማ ተናግራለች። በራሷም ሕይወት ቢሆን እንከን የለሽ አልነበረችም። በትዳሯ ዘመን ከሌሎች ሰዎች ጋር የፍቅር ግንኙነት እንደነበራት የሕይወት ታሪኳን የጻፉ ሰዎች ገልጠዋል። የሐሳቧ ጥቅም ግን በዚህ የሚቀንስ አይመስለንም፤ አስቸጋሪ ነው ያለችው ራሷ ናትና።

ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ማስገንዘብ ተገቢ ነው። «እንደገና ተመልከቺ» ማለት «ሁሉን መልካም አድርገሽ ተመልከቺ» ማለት አይደለም። ፈላስፋዋ ከፍቅር ጋር ፍትሕን ያጣመረችው ያለ ምክንያት አይደለም። በፍትሕ የሚመለከት ዓይን ደግነትን እንደሚያይ ሁሉ ግፍንም ያያል። የምትደበደብ ሚስት፣ የምትዘለፍ ምራት፣ በገዛ ቤቷ የምትገፋ አሮጊት እናት፣ «አስተያየትሽን አስተካክይ» ሊባሉ አይገባም። የእነሱ ጉዳይ በሽማግሌም በሕግም ፊት መታየት ያለበት ነው። የተበደለን ሰው ችሎታ እንዲኖረው ብቻ መምከር፣ ራሱ ልብ ብሎ አለማየት ይሆናል።

ሁለተኛም ይህ ግዴታ የአማት ብቻ አይደለም። ምራትም አማቷን ስታይ «የምትቆጣጠረኝ አሮጊት» ከሚለው ፍርድ ባሻገር፣ ከምድጃ ጢስ ጋር ታግላ ባሏን ያሳደገች፣ ዛሬ ግን በቤቱ ውስጥ ቦታዋ የት እንደሆነ ግራ የገባት ሴት መሆኗን ልታይ ይገባታል። ባልም ቢሆን ሁለቱ ሴቶች በዝምታ ሲጎዳዱ «የሴቶች ነገር ነው» ብሎ ጋዜጣውን ገልጦ መቀመጥ አይበቃውም።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

የአይሪስ መርዶክ የመጨረሻ ዘመን ለቤተሰብ ሁሉ ትምህርት የሚሰጥ ስለሆነ ሳንጠቅሰው ማለፍ አልወደድንም። በ1995 የመጨረሻውን ልብ ወለዷን ባሳተመችበት ጊዜ ቃላት እየጠፉባት፣ መጻፍም እያስቸገራት ሄዶ ነበር። መጀመሪያ የጸሐፊ ድካም መስሏት ነበር፤ በ1997 ግን የአልዛይመር በሽታ መሆኑ ታወቀ። ይህ በሽታ የማስታወስንና የማሰብን ኃይል ቀስ በቀስ እየሸረሸረ የሚሄድ የአንጎል በሽታ ነው። ከሞተች በኋላ ተመራማሪዎች የመጀመሪያውን፣ የመካከሉንና የመጨረሻውን ልብ ወለዷን አነጻጽረው በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ የዓረፍተ ነገሮቿ አገነባብ ብዙ ባይለወጥም በመጨረሻው መጽሐፍ የቃላቷ ሀብት እየሳሳ መሄዱን አሳይተዋል። በሽታው ከመታወቁ በፊት በጽሑፏ ውስጥ ምልክቱን እያሳየ ነበር ማለት ነው።

ባለቤቷ ጆን ቤይሊ እስከ መጨረሻዎቹ ሳምንታት ድረስ በቤታቸው ውስጥ ራሱ አስታመማት። ያለበሳት፣ ያጎረሳት፣ ያጠባትም እሱ ነበር። 26 ልብ ወለድ የጻፈች ሴት የመጻሕፍቶቿን ስም ስትረሳ አየ። ጠዋት ጠዋት ለሕፃናት የተዘጋጀ የቴሌቪዥን ፕሮግራም አብረው ይመለከቱ እንደነበር ባሏ ጽፏል። ትዕግሥቱ የሚያልቅበትና የሚጮኽባት ጊዜ እንደነበረም አልደበቀም። የጻፈው መጽሐፍ በ1998 ታትሞ ብዙ ሰው ስላነበበው፣ በ2001 ደግሞ ፊልም ስለተሠራበት፣ በየቤቱ እንዲህ ዓይነት በሽተኛ የሚያስታምሙ ብዙ ቤተሰቦች ብቻቸውን አለመሆናቸውን ተረዱበት። አይሪስ መርዶክ በየካቲት ወር 1999 በኦክስፎርድ በ79 ዓመቷ አረፈች።

በእኛም አካባቢ «እናቴ ጃጀች»፣ «አባቴ ዘንግቶ ያንኑ ይደጋግማል» እየተባለ በእርጅና ብቻ የሚታለፍ ብዙ ነገር አለ። መርሳቱ የቀን ተቀን ኑሮን ማወክ ሲጀምር፣ ለምሳሌ የለመዱት መንገድ ሲጠፋ፣ ምድጃ ላይ የተጣደ ሲረሳ፣ የቅርብ ሰው ስም ሲሳት፣ ወደ ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል። ሊታከም በሚችል ሌላ ሕመም የሚመጣ መርሳትም አለና። አስታማሚዋም ሰው መሆኗ አይዘንጋ። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሸክም የሚወድቀው በሴት ልጅ ወይም በምራት ጫንቃ ላይ ስለሆነ፣ ሌላው ቤተሰብ ተራ ገብቶ ሊያሳርፋት ይገባል።

ለጠያቂዋ እናት

እናታችን፣ አሁን ወደ እርስዎ እንመለስ። ክፉ ቃል ሳይናገሩ መኖርዎ የጨዋነትዎ ምስክር ነው። ሆኖም ልብዎ ዕረፍት ያጣው በሥራዎና በአስተያየትዎ መካከል ስፋት ስላለ ይመስለናል። እጅዎ ምግቧን ያቆይላታል፤ ዓይንዎ ግን ገና አልተቀበላትም።

እስቲ ለጥቂት ቀናት አንድ ነገር ይሞክሩ። ምራትዎ ማታ በጥድፊያ ወደ ጓዳ ስትገባ፣ «አልተሳለመችኝም» የሚለውን ቃል ለጊዜው ያቆዩትና የገባችበትን ምክንያት ይመልከቱ። ምናልባት የታክሲ ሰልፍ አቁሟት፣ ልጇ ከመተኛቷ በፊት ልትደርስ ስትሮጥ ውላ ይሆናል። ከሦስተኛው ቡና በፊት ስትነሣ ወዴት እንደምትሄድ ልብ ይበሉ፤ ለነገ የምትለብሰውን ልታጥብ ይሆናል። ሳቋ ጎረቤት ድረስ ሲሰማም፣ በሳቋ ውስጥ ልጅዎ አብሮ መሳቁን ያዳምጡ። ምናልባት እንደገና አይተውም ያው ሆና ታገኟት ይሆናል። ያን ጊዜ ያስከፋዎትን ነገር በግልጽና በፍቅር ይንገሯት፤ በሆድ ከሚያድር ወቀሳ ፊት ለፊት የተነገረ ቃል ይሻላልና።

ልብዎን የሚከብደው የምራትዎ አለባበስና ሳቅ ብቻ እንዳይሆንም እንጠረጥራለን። አራት ልጆች አሳድጎ የመጨረሻውን ለሌላ ሰው ማስረከብ ቀላል ኀዘን አይደለም። ይህንንም ኀዘን ሰው አይቶልዎ ላያውቅ ይችላል። ለልጅዎ፣ ቢቻል ለምራትዎም፣ ይህን ቢያጫውቷቸው መልካም ነው። እሷም አማቷን እንደገና የምታይበት አጋጣሚ ታገኛለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቢጽፉልን፣ እኛም በዚህ ዓምድ የምናገናኛቸው ሌሎች እናቶችና ምራቶች ከእርስዎ ይማራሉ። ደብዳቤዎን እንጠብቃለን።